ጥቁሩ ውሻ ያልገባበት መዝገብ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1577 እሑድ ነበር። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሱፎክ ካውንቲ፣ በንጌይ በምትባል ከተማ ምእመናን በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሲጸልዩ ሰማዩ ጠቆረ። ዶፍ ወረደ፣ ነጎድጓዱ ቤቱን አናወጠው፣ መብረቅም ወደቀ። በዚያች ሰዓት የሆነውን የሚናገሩ፣ በዘመኑ የተጻፉ ምስክሮች በእጃችን አሉ። ችግሩ ቃላቸው አለመግጠሙ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር አብርሃም ፍሌሚንግ የተባለ የለንደን ጸሐፊና ተርጓሚ በዚያው ዓመት ያሳተመው ትንሽ ጽሑፍ ነው። ፍሌሚንግ እንደሚለው በመብረቁ ብልጭታ መካከል አንድ አስፈሪ ጥቁር ውሻ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ታየ። ተንበርክከው በሚጸልዩ ሁለት ሰዎች መካከል ሲያልፍ አንገታቸውን ጠምዝዞ ባሉበት ገደላቸው። ሦስተኛውን ሰው ጀርባው ላይ ቢነካው እሳት እንደላሰው ቆዳ ተኮማተረ፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም። ውሻው በዚያው ቀን በብላይዝበራ ቤተ ክርስቲያንም ታይቶ ሁለት ወንዶችና አንድ ልጅ ገደለ።

ሁለተኛው ምስክር የበንጌይ ደብር መዝገብ ነው። መዝገቡ ጆን ፉለርና አዳም ዎከር የተባሉ ሁለት ሰዎች በዚያ እሑድ፣ በጸሎት ሰዓት፣ በደወል ቤቱ ውስጥ ሳሉ በማዕበሉ መሞታቸውን ይናገራል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም። ውሻ የሚባል ነገር የለም። ይባስ ብሎ፣ ፍሌሚንግ ራሱ ከዓመታት በኋላ በዝግጅቱ የተሳተፈበትና በ1587 የታተመው የሆሊንሽድ ዜና መዋዕል ይህንኑ ማዕበል ሲተርክ መብረቁንና ሟቾቹን እንጂ ውሻውን አያነሳም። ቢሆንም በብላይዝበራ ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ በር ላይ ያለው የቃጠሎ ምልክት ዛሬም ድረስ ለጎብኚ የሚታየው የውሻው ጥፍር አሻራ እየተባለ ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የሱፎክ ታሪክ እንዲህ ባሉ እንግዳ ነገሮች የተሞላ ነው፤ በአብዛኞቹም ዙሪያ ሁለት ዓይነት ጸሐፊ እናገኛለን። አንዱ ለአድማጭ የሚተርክ ነው፤ ሌላው ሒሳብ ለመዝጋት ወይም ሙት ለመቁጠር የሚጽፍ ነው። ቀጥሎ የማቀርባቸውን ታሪኮች የማያቸው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሜ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አረንጓዴዎቹ ልጆች

ሱፎክ የሚለው ስም «የደቡብ ሕዝብ» ማለት ነው። ከጥንታዊው የምሥራቅ አንግሊያ መንግሥት ሕዝብ የደቡቡ ወገን ሱፎክ፣ የሰሜኑ ወገን ኖርፎክ ተባለ። በምሥራቅ የሰሜን ባሕር ያዋስነዋል። በምዕራብ በኩል በመካከለኛው ዘመን ከእንግሊዝ ባለጠጋ ገዳማት አንዱ የነበረው የበሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም ይገኝ ነበር። ገዳሙ የተሰየመው በ869 ዴኖች በገደሉት በንጉሥ ኤድመንድ ስም ነው። ከዚህ ገዳም ብዙም ሳይርቅ ዉልፒት የሚባል መንደር አለ። ስሙ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የተኩላ ጉድጓድ» ማለት ነው፤ ለተኩላ ወጥመድ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የመጣ ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በመከር ወራት አጫጆች ከእነዚህ ጉድጓዶች አጠገብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አገኙ። ልብሳቸው ያልታወቀ ዓይነት፣ ቋንቋቸው ማንም የማይሰማው፣ የገላቸው ቀለም ደግሞ አረንጓዴ ነበር። ሪቻርድ ደ ካልን ወደሚባል ባላባት ቤት ወሰዷቸው። የቀረበላቸውን ምግብ ሁሉ እምቢ አሉ። በአጋጣሚ ከነአገዳው የታጨደ እሸት ባቄላ ሲገባ አይተው ተስገብግበው ያዙት፤ ግን ፍሬው አገዳው ውስጥ ያለ መስሏቸው አገዳውን ሰንጥቀው ባዶ ቢያገኙት አለቀሱ። ሰዎች ቅርፊቱን ፈልፍለው ፍሬውን ሲያሳዩአቸው በሉ፤ ለብዙ ጊዜም ከዚህ ሌላ አልቀመሱም። ወንዱ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ልጅቱ እህል መልመድ ጀመረች፣ አረንጓዴው ቀለሟ ለቀቀ፣ ተጠመቀች፣ ቋንቋውንም ለመደች።

ይህን የጻፉልን ሁለት ሰዎች ናቸው። የኒውበርጉ ዊልያም በ1190ዎቹ መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ሆኖ የጻፈ የገዳም ሰው ነው። የኮገሻሉ ራልፍ ደግሞ በአጎራባቿ ኤሴክስ ካውንቲ የነበረ ገዳም አበምኔት ሲሆን፣ ታሪኩን ከራሱ ከሪቻርድ ደ ካልን መስማቱን ይናገራል። ዊልያም የሰማው ከሩቅ ቢሆንም የሚያስመሰግነው ነገር አለው። ነገሩን ለረጅም ጊዜ ማመን እንደተቸገረና የተቀበለው የምስክሮቹ ብዛት ስለረታው እንደሆነ አልሸሸገም።

ሁለቱ ትረካዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚስማሙበትም የሚለያዩበትም ይታያል። ባቄላው፣ አረንጓዴው ቀለም፣ የልጁ ሞትና ፀሐይ የማይወጣበት ድንግዝግዝ አገር በሁለቱም አሉ። በዊልያም ዘንድ ልጆቹ የመጡት «የቅዱስ ማርቲን ምድር» ከሚባል ክርስቲያኖች ከሚኖሩበት አገር ነው፤ የአባታቸውን ከብት ሲጠብቁ ታላቅ ድምፅ ሰምተው ራሳቸውን ዉልፒት ማሳ ውስጥ አገኙት። በራልፍ ዘንድ ግን ከብት ተከትለው ዋሻ ገቡ፤ የደወል ድምፅ እየመራቸው ሲወጡ የፀሐይዋ ብርሃን አፈዘዛቸው። ልጅቱም በዊልያም አባባል ባል አግብታ ሊን በምትባለው የኖርፎክ ከተማ ኖረች፤ ራልፍ ደግሞ በባላባቱ ቤት አገልጋይ ሆና ቀረች፣ ጠባይዋም ልቅ ነበር ይላል።

በዘመናችን ብዙ ፍቺ ቀርቧል። አረንጓዴው ቀለም ከረሃብ የመጣ የደም ማነስ ነው የሚለው ሊታሰብ የሚችል ነው፤ ልጅቱ በደንብ ስትመገብ ቀለሟ መመለሱም ይደግፈዋል። ልጆቹ በ1173 በፎርንሃም ጦርነት ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ የፍላንደርስ ስደተኞች ናቸው የሚለው ግን ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። ዊልያም ታሪኩን በንጉሥ ስቲቨን ዘመን ያደርገዋል፤ ስቲቨን የነገሠው ከ1135 እስከ 1154 ነው፣ ጦርነቱ የተደረገው ግን ንጉሡ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ሌላው፣ ከፍላንደርስ ጋር የሚነግድ የባሕር ዳርቻ ሕዝብ የፍላንደርስን ቋንቋ ጨርሶ አለማወቁ የማይመስል ነገር ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሁለት የተራቡና የጠፉ ልጆች ሳይኖሩ አልቀሩም፤ ስለ ባዶው የባቄላ አገዳ እስከማልቀስ የሚደርስ ዝርዝር ተረት ሠሪ ብዙ ጊዜ አይፈጥርም። ፀሐይ የሌለው አገር ግን ልጅቱ ቋንቋ ከለመደች በኋላ፣ ጠያቂዎቿ ሊሰሙት የፈለጉትን እየጨመሩ ያሰፉት ይመስለኛል።

በመረብ የተያዘው ሰው

ያው ራልፍ ሌላም ታሪክ አለው። በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን በሱፎክ ባሕር ዳርቻ ያለችው የኦርፎርድ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው አንድ ራቁቱን የሆነ፣ ፀጉራም፣ ጢሙ የረዘመ «የዱር ሰው» ያዙና ለኦርፎርድ ግንብ ሹም ለበርቶሎሜዎስ ደ ግላንቪል አስረከቡት። የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ ጥሬ ዓሣ ሲሰጡት ግን ውኃው እስኪንጠፈጠፍ በእጁ ጨምቆ ነበር የሚበላው። እግሩን አስረው ዘቅዝቀው ቢያሠቃዩትም ቃል አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያን ቢያስገቡት ምንም የአክብሮት ምልክት አላሳየም። ጀምበር ስትጠልቅ ይተኛል፣ ስትወጣ ይነሣል። አንድ ቀን በሦስት ረድፍ መረብ አጥረው ባሕር ውስጥ ቢለቁት ከሥር ሾልኮ ወጣ፤ በዳር የቆሙትን እያሾፈባቸው ጠልቆ ብቅ ካለ በኋላ ግን በፈቃዱ ተመለሰ። ሁለት ወር ያህል ተቀምጦ በመጨረሻ ወደ ባሕሩ ገባና ዳግም አልታየም። ራልፍ ሰው ይሁን፣ ሰው መሳይ ዓሣ ይሁን፣ ወይም በሰጠመ ሰው ሬሳ ያደረ ክፉ መንፈስ ይሁን ለመወሰን እንደተቸገረ ይናገራል።

ስለ ግንቡ ግን ጥርጣሬ የለም። ከ1165 እስከ 1173 መሠራቱንና ከ1,400 ፓውንድ በላይ መፍጀቱን የንጉሡ ግምጃ ቤት ሒሳብ በየዓመቱ መዝግቦታል። ግላንቪልም በንጉሡ መዝገብ የሚገኝ እውነተኛ ሹም ነው። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲጠነቀቅ እወዳለሁ፤ የሹሙ እውነተኛነት የዓሣ ሰውየውን እውነተኛነት አያረጋግጥም። በታሪኩ ውስጥ እኔን የሚያሳምነኝ ደስ የማይለው ክፍል ነው። ቋንቋ የሌለው እንግዳ ሲገኝ፣ እንዲናገር ዘቅዝቆ ማሠቃየት የዘመኑ ሹማምንት የሚያደርጉት ነገር ነበር።

ባሕር የበላት ከተማ

ከኦርፎርድ ወደ ሰሜን፣ በዚያው የባሕር ዳርቻ የነበረችው ደንዊች ደግሞ ተራኪ ሳያስፈልጋት በመዝገብ ብቻ የምትደንቅ ናት። በ1086 የተጻፈው የንጉሥ ዊልያም የአገር ቆጠራ፣ ቀድሞ ሁለት የእርሻ መሬት ከነበራት አንዱን ባሕር እንደወሰደው አስቀድሞ ይጽፋል። በ1286፣ በ1287 እና በ1328 የተነሡ ማዕበሎች ቤቶቿንና ወደቧን ጠራርገው ወሰዱ። ሆኖም ከተማዋ በወረቀት ላይ አልሰጠመችም፤ በፓርላማ የነበራትን ሁለት መቀመጫ እስከ 1832 ማሻሻያ ሕግ ድረስ ይዛ ቆየች። ለዘመናት የለንደን ሹማምንት፣ አብዛኛው መንገዷ ከባሕር ሥር ያለ ከተማን ወኪሎች ሲቀበሉ ኖሩ። የመጨረሻው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ሁሉም ቅዱሳን፣ ከ1904 እስከ 1919 ባለው ጊዜ ግድግዳው በየተራ ከገደሉ ላይ እየተናደ ባሕር ገባ።

አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ቀን

እስካሁን ያየናቸው ታሪኮች ፈገግ ያሰኙ ይሆናል። የ1645ቱ ግን ተረትና መዝገብ እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚሆነውን ያሳያል።

እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። የሱፎክ ቄስ ልጅ የሆነው ማቲው ሆፕኪንስ ከባልደረባው ከጆን ስተርን ጋር ከኤሴክስ ተነሥቶ ጠንቋይ እያደነ ወደ ሱፎክ ገባ። የእንግሊዝ ሕግ በተራ ክስ ማሠቃየትን ስለማይፈቅድ ሌላ መንገድ ተጠቀሙ። ተጠርጣሪውን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሡት፤ እግሩ እስኪላላጥ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት፤ ሰውነቱን በመርፌ እየወጉ የሰይጣን ምልክት ፈለጉ። አንዳንዱንም አስረው ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ከተንሳፈፈ ጠንቋይ ነው ተባለ። በካውንቲው ከመቶ በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ኦገስት 27 ቀን 1645 በበሪ ሴንት ኤድመንድስ አሥራ ስምንት ሰዎች፣ 16 ሴቶችና 2 ወንዶች፣ በአንድ ቀን ተሰቀሉ።

ከሁለቱ ወንዶች አንዱ የብራንደስተን መንደር ቄስ ጆን ሎውስ ነበሩ። ዕድሜያቸው 80 ገደማ ሲሆን በደብሩ 50 ዓመት ያህል አገልግለዋል። ከምእመናኑ ጋር በነገር ሲካሰሱ የኖሩ ሰው ስለነበሩ ጠላት አላጡም። ለሌሊቶች ነቅተው እንዲያድሩና እንዲሮጡ ተደረጉ፤ በፍራምሊንግሃም ግንብ ዙሪያ ባለው ውኃም ተፈተኑ። በመጨረሻ ርኩሳን መናፍስት ልከው መርከብ እንዳሰጠሙ «አመኑ»። ሲያገግሙ ቃላቸውን ካዱ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በዕለተ ሞታቸው የሚፈታቸው ካህን እንደሌለ አውቀው የራሳቸውን ጸሎተ ፍትሐት ራሳቸው አነበቡ።

ይህን ያቆየልን ከ73 ዓመት በኋላ፣ በ1718፣ ስለ ጥንቆላ ክሶች የታሪክ ጥናት ያሳተመው ፍራንሲስ ሀቺንሰን ነው። ሀቺንሰን በበሪ ሴንት ኤድመንድስ ራሱ ቄስ ስለነበር ከአካባቢው ሰዎች ጠይቆ ጽፏል። ሌላው ምስክር የከተሞቹ ሒሳብ ነው። ስቶውማርኬት ለዚህ አደን 23 ፓውንድ አወጣች፤ ለትንሽ የገበያ ከተማ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። በሒሳቡ ላይ ሰይጣንም ድመትም የለም፤ ተከፋይና ክፍያ ብቻ ነው።

ስለ ሆፕኪንስ አሟሟትም ተረት ተነሣ። የተቆጡ ሰዎች በራሱ መፈተኛ አስረው ውኃ ውስጥ ጣሉት፣ ተንሳፈፈም ይባላል። ጥንቁቁ ሀቺንሰን እንኳ ይህን ተቀብሎ ጽፎታል። በኤሴክስ ያለው የሚስትሊ ደብር መዝገብ ግን ኦገስት 12 ቀን 1647 መቀበሩን ብቻ ይናገራል፤ ስተርንም በሳንባ ነቀርሳ እንደሞተ ጽፏል። ሕዝቡ ያ ሰው የእጁን ሳያገኝ አልጋው ላይ መሞቱን መቀበል አቃተው፤ ፍትሕ በነሣው መዝገብ ፈንታ ፍትሕ ያለበት ተረት መረጠ።

በ1662 በዚያችው በበሪ ሴንት ኤድመንድስ ኤሚ ዴኒና ሮዝ ኩለንደር የተባሉ የሎውስቶፍት ሴቶች ልጆችን አስማት አድርገዋል ተብለው ቀረቡ። ዳኛው ስመ ጥሩው ማቲው ሄል ነበር። ችሎቱ ላይ አንድ ብልህ ፈተና ተደረገ፤ የተከሳሿ እጅ ሲነካት የምትንፈራገጥ ልጅ ዓይኗ ተሸፍኖ በሌላ ሰው ተነካች። ልጅቱ እንደዚያው ተንፈራገጠች። ፈተናውን ያደረጉት መኳንንት ነገሩ ማታለል ነው አሉ። ሆኖም ሴቶቹ ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። የችሎቱ ዘገባ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1682፣ ታተመ፤ የችሎቱን ዓመት እንኳ አሳስቷል። ይህ የተሳሳተ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ በ1692 በአሜሪካ የሴለም ጠንቋዮች ክስ ጊዜ እንደ አብነት ተጠቀሰ። የፈተናው ውጤት እዚያው ዘገባው ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ የተነበበው ግን ፍርዱ ነው።

ሬሳ የሌለው መቃብር

የመጨረሻው ታሪክ ጸሐፊ የሌለው ነው። በሱፎክ በዴበን ወንዝ ዳር ሰተን ሁ በሚባል ቦታ ጉብታዎች ነበሩ። የመሬቱ ባለቤት ኤዲት ፕሪቲ በ1938 ባዝል ብራውን የተባለ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ያልገባ ግን አፈሩን እንደ መዳፉ የሚያውቅ የአገሬውን ቆፋሪ ቀጠሩ። በ1939 ትልቁ ጉብታ ሲከፈት 27 ሜትር የሚረዝም መርከብ ምልክት ወጣ። እንጨቱ በኮምጣጣው አሸዋ ተበልቶ አልቋል፤ የቀሩት በረድፍ የቆሙ የብረት ሚስማሮችና በአሸዋው ላይ የታተመ ቅርጽ ነበሩ። በመካከሉ የራስ ቁር፣ የወርቅ ዘለበት፣ ከባይዛንታይን የመጣ የብር ሳህንና 37 የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ሬሳ ግን አልነበረም፤ አሸዋው እርሱንም ሳይበላው አልቀረም። ከብዙ ዘመን በፊት መቃብር ዘራፊዎች ጉድጓድ ቆፍረው መካከሉን በጥቂቱ ስተውት ነበር።

ሳንቲሞቹ ዘመኑን ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያመጡታል፤ ብዙ ሊቃውንት መቃብሩን በ624 ገደማ ለሞተው ለምሥራቅ አንግሊያው ንጉሥ ሬድዋልድ ይሰጡታል። ይህ ግምት ነው፣ ጥሩ ግምት። ስሙን የሚናገር አንድ ፊደል አልተገኘም። ሕጉ ግን መልስ ያስፈልገው ነበር፦ ወርቁ የማን ነው? ኦገስት 14 ቀን 1939 በሰተን መንደር አዳራሽ የአካባቢው ሰዎች ለሸንጎ ተቀመጡ። ወርቁ የተቀበረው ለሟች ክብር እንጂ ባለቤቱ ተመልሶ ሊያወጣው አይደለም፤ ስለዚህ ለዘውዱ አይገባም፣ የወይዘሮ ፕሪቲ ነው ብለው ፈረዱ። እርሳቸውም ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዚየም በነፃ ሰጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ፤ ሀብቱም ለንደን ውስጥ በምድር ባቡር ዋሻ ተሸሽጎ ጦርነቱን አሳለፈ።

የሱፎክን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምደርስበት ፍርድ አንድ ነው። ሒሳብ ጻፊው ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ግን ማንንም ለማስደነቅ አልጻፈምና ቃሉ ይጸናል። ተራኪውን ደግሞ መጣል አይገባም፤ እርሱ ባይኖር ስለ ባቄላው ያለቀሱትን ልጆች አናውቃቸውም ነበር። አደጋው የሚመጣው የተራኪውን ቃል ተቀብሎ ገመድ የሚያዘጋጅ ዳኛ ሲገኝ ነው።

ዛሬ በበንጌይ ከተማ አርማ ላይ በመብረቅ ላይ የሚሮጥ ጥቁር ውሻ ተስሏል። ጆን ፉለርና አዳም ዎከር ያሉት ግን በመዝገቡ ውስጥ ነው።